መቀሌን በኮምፒዩተር ሰበብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚበር መንገደኛ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ መቀሌ ይደርሳል። በመኪና ለሚጓዝ ሰው ግን መንገዱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን መስኮት ለሚመለከት ሰው በክረምት ወራት የሚታየው ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ አምባ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ እርሻና የወርኃ ነሐሴ ልምላሜ ነው። ማረፊያው በራስ አሉላ አባ ነጋ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ስለ መቀሌ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት፣ ወይም ከአፋር ጨው ጭነው ከሚመጡት ግመሎች ነው። እኔም ሁለቱን ሳላነሣ አላልፍም። ነገር ግን በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ወደዚያች ከተማ የወሰደኝ ጉዳይ ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣ ለጨዋታ የሚሆን ከፍተኛ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገጣጥም ቆርጦ ተነሥቶ ነበርና ዕቃውን በመምረጥ እንድረዳው ለመነኝ። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ክረምቱም የመምህራን ዕረፍት ስለሆነ እሺ ብዬ ሄድሁ። ይህን ዕቃ ለመምረጥ የከተማዪቱን መብራት፣ አየር፣ አቧራና ገበያ መመርመር ግድ ሆነብን። ለአንባቢዎቼ የማጫውታችሁም ይህንኑ ነው።

ወጣቱና ዕቁቡ

ወዳጄ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ተነሣ። በትግራይ የሚገኙ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደገና በራቸውን የከፈቱት በ2015 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የእርሱ ዘመን ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ተለይተው ቆይተዋል። ወዳጄም ከዚያ በኋላ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጠረ፤ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እያቀናበረ ይሠራል። ከደመወዙ እየቆረጠ ዕቁብ ጣለ፤ ዕጣውም በሰኔ ወር ወጣለት። ያ ገንዘብ ከአንድ ዓመት በላይ የለፋበት ነው። ቢሳሳትበት የሚተካለት የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነውን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እናቱም አደይ ቡና አፍልተው ሲያቀርቡልን ይህንኑ ጠይቀውኛል። መልሱ ቀላል ነው፤ ጨዋታም ነው፣ ሥራም ነው። በመቀሌ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባል አለ። ወጣቶች ተሰብስበው በእጅ መቆጣጠሪያ እግር ኳስ ይጫወታሉ፤ ብዙ ጊዜም ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ወዳጄ በዚያ ቤት ያደገ ነው። አሁን የሚመኘው ግን ማታ ጨዋታ የሚጫወትበት፣ ቀን ደግሞ ብሌንደር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሕንፃና ሰው በሦስት ማዕዘን እይታ ለመሣል የሚማርበት አንድ መሣሪያ ነው። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ኀይል አንድ ዓይነት ነው።

ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ልግለጽ። ፕሌይስቴሽን በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የጨዋታ ኮምፒዩተር ግን እንደ ቤት በየክፍሉ ተመርጦ ይሠራል። ሒሳቡን የሚሠራው ፕሮሰሰር ነው፤ ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው። ራም የዕለቱን ሥራ ይይዛል፤ ኤስኤስዲ የዘለቄታውን ያስቀምጣል። ሁሉን የሚያገናኘው ማዘርቦርድ፣ መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀት የሚያወጣው ማቀዝቀዣ፣ ሁሉንም የሚይዘው ሳጥን ደግሞ ኬዝ ይባላል። ስምንት ዕቃ ማለት ስምንት ውሳኔ ነው።

ብሩና መንገዱ

ወዳጄ መጀመሪያ ያሰበው እንዲህ ነበር፤ "መምህር፣ ትልቁን ካርድ ብቻ ልግዛ፤ ሌላውን ቀስ ብዬ አሟላዋለሁ" አለኝ። ትልቁ ካርድ የሚለው አርቲኤክስ 5090 የተባለውን ነው። ይህ ካርድ ለገበያ ሲቀርብ በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 1,999 ዶላር ነበር። ታናሹ አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ደግሞ 749 ዶላር ነበር።

ዶላሩን ወደ ብር ስንመልሰው ነገሩ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበረ፤ ብዙ ሳይቆይም ከ100 ብር አለፈ። በዚህ መሠረት 42,693 ብር ይሆን የነበረው የታናሹ ካርድ ዋጋ፣ ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 74,900 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህም ቀረጡ፣ የማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት ነው።

ሌላው ነገር መንገዱ ነው። እንደዚህ ያሉ ዕቃዎች በመቀሌ ሱቆች ሁልጊዜ አይገኙም። ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከዱባይ በሚመለስ መንገደኛ ሻንጣ ነው። ነጋዴ ዋስትና ሰጥቻለሁ ቢል፣ ዕቃው በተበላሸ ጊዜ 780 ኪሎ ሜትር ይዞ መመለስ የገዢው ዕዳ ነው። ስለዚህ እኛ የጠየቅነው ጥያቄ "የትኛው ይበልጣል?" የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ "በመቀሌ ቤት ውስጥ ሳይበላሽ ብዙ ዓመት የሚያገለግል የትኛው ነው?" የሚለውንም ጨመርንበት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ከቤት ወጥተን ከተማዪቱን ዞርን።

የእንዳ ኢየሱስ ውሃ

በመጀመሪያ የሄድነው ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ነው። ዛሬ በዚያ የሚገኘው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲታይ ከተማዪቱ እንደ ምንጣፍ ተዘርግታ ትታያለች።

በታኅሣሥና በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በዚህ ኮረብታ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ የሚያዝዘው ከአንድ ሺሕ የሚበልጥ የጣሊያን ጦር መሽጎ ነበር። ምሽጉ የድንጋይ ነበረ፤ መድፍም ነበረው። በፊት ለፊት የተደረገው ግጥሚያ ብዙ ሰው አስጨረሰ እንጂ ምሽጉን አላስለቀቀም። በመጨረሻ ግን በእቴጌ ጣይቱ ምክር ጦሩ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘ። ጠላት በግንቡ ውስጥ እንዳለ በጥም ተጨነቀ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ምሽጉን ለቅቆ ወጣ።

ይህን ታሪክ ለወዳጄ ያነሣሁለት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒዩተርም ውሃው መብራት ነው። ካርዱ የቱን ያህል ቢበረታ፣ የሚመጣለት መብራት ንጹሕና የተረጋጋ ካልሆነ ከነብርታቱ ይወድቃል።

መቀሌ ስለ መብራት መምህር አያስፈልጋትም። በከተማዪቱ ደቡብ በኩል በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኀይል ማመንጫ 84 ተርባይኖች ተተክለውለት 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። በምዕራብ በኩል የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ተሠርቷል። ይህ ሁሉ እያለ በጦርነቱ ዘመን ከተማዪቱ ለረጅም ጊዜ በጨለማና ያለ ስልክ ቆየች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በኅዳር ወር መጨረሻ መቀሌ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር እንደገና ተገናኘች። አደይ ያን ጊዜ ሲያወሱ፣ "ይህ ልጅ በቀን ዐሥር ጊዜ ማብሪያውን ይጫን ነበር" አሉ። ወዳጄ አንገቱን ደፋ እንጂ አልተናገረም።

ዛሬም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመለስ በድንገት ከፍ ብሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ከዚህም ሌላ ጎረቤቶች በአንድ ሰዓት የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ሲያበሩ ኀይሉ ይወርዳል፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳልና። ስለዚህ ገንዘቡን ማከፋፈል የጀመርነው ከፓወር ሰፕላይና ከዩፒኤስ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አርቲኤክስ 5070 ቲአይ እስከ 300 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩን 120፣ ሌላውን ሁሉ 60 ብንል ድምሩ 480 ዋት ይሆናል። ጎልድ የሚል ማዕርግ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ ከሚወስደው 100 ዋት 90 ያህሉን ለዕቃዎቹ ያደርሳልና ከግድግዳ የሚሳበው 530 ዋት ያህል ነው። ሞኒተሩ 40 ዋት ሲጨመርበት 570 ዋት ገደማ ይሆናል። በትልቁ ካርድ ብናስብ ግን ካርዱ ብቻውን 575 ዋት ስለሚፈልግ፣ ከግድግዳ የሚሳበው ጠቅላላ 880 ዋት ያህል ይደርሳል።

ብዙ ሰዎች ለቢሮ ኮምፒዩተር የሚገዙት 650 ቪኤ የተጻፈበት ትንሽ ዩፒኤስ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። በጨዋታ መካከል መብራት ቢሄድ እርሱም አብሮ ይጠፋል። የሚበቃው 1,500 ቪኤ የሆነ፣ 900 ዋት የሚሸከም፣ የወረደውንና የወጣውን ኀይል ራሱ የሚያስተካክል፣ የሚያወጣውም ሞገድ እንደ መስመሩ ሞገድ የለሰለሰ ዓይነት ነው። በዚህ ላይ 570 ዋት ሲጫን ሥራን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይገኛል። 880 ዋት ቢጫንበት ግን ከጫፉ ስለሚደርስ፣ ባትሪው ወዲያው ያልቃል። ትልቁን ካርድ ከዝርዝራችን የሰረዝነው በዚህ ስሌት ነው። ፓወር ሰፕላዩም ባለ 850 ዋት ጎልድ እንዲሆን ቆረጥን። ኮምፒዩተሩ፣ ሞኒተሩና የቤቱ ሌላ ዕቃ ሁሉ በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ እንዳይሰካም አደራ አልሁት።

ስሱ አየርና አቧራው

ከእንዳ ኢየሱስ ስንወርድ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። ሰው ሁሉ አየሩ ቀዝቃዛ ነውና ኮምፒዩተር አይሞቅም ይላል። ይህ እውነትነት ቢኖረውም ግማሽ እውነት ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው አየር በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚያዞረው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ በዚያ አየር ውስጥ ያለው ክብደት ስለሚቀንስ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ዳር በሳጥኑ ውስጥ ሲያልፍ 10 ዲግሪ የሚሞቅ አየር፣ እዚህ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ የሚወጡት የሙቀት ፈተናዎች ብዙዎቹ በዝቅተኛ ከተሞች የተሠሩ ስለሆኑ፣ እኛ ደጋ የምንኖር ሰዎች ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባንም።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። የመቀሌ ቤቶች የሚታወቁት በተጠረበ ድንጋያቸው ነው፤ ያ ድንጋይ ሲጠረብና በበጋ ነፋስ ሲነሣ ደቃቅ ብናኙ በመስኮት ይገባል። በካርዱ ቀጫጭን የብረት ክንፎች መካከል ሲከማች አየሩ የሚያልፍበትን ይዘጋል።

ስለዚህ ኬዙ መልኩ ባማረ መስታወት የተዘጋ ሳይሆን፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ የአቧራ ማጣሪያውም ተነቅሎ የሚታጠብ እንዲሆን መረጥን። ለፕሮሰሰሩም በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ትተን፣ ሁለት ማራገቢያ ያለውን የብረት ግንብ የመሰለ ማቀዝቀዣ ያዝን። የውሃው ዓይነት ያምራል፤ ነገር ግን ፓምፑ ቢቆም ወይም ቱቦው ቢያንጠባጥብ መለዋወጫ ፍለጋ ሩቅ አገር ነው። የብረቱ ግንብ ቢበላሽበት የሚበላሸው ማራገቢያው ብቻ ስለሆነ፣ እርሱንም በማንኛውም የኮምፒዩተር ሱቅ መተካት ይቻላል።

የግመል ጭነት

በማግሥቱ ወደ ገበያ ወጣን። የአሸንዳ በዓል ደርሶ ነበርና ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው በየመንገዱ ይጫወቱ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ካለበት ሰፈርም ደረስን። ይህ ሕንፃ በ1870ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ አናጢ ከረዳቶቹ ጋር ለአፄ ዮሐንስ የሠራው ነው። ድንጋዩ የአገሩ ነው። ወዳጄ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ማዕዘኖቹን በስልኩ ፎቶ አነሣ።

የመቀሌ ገበያ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው በጨው ነው። ጨዉ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ከሚገኘው ከአፋር ምድር ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደዚህ ደጋ ይወጣ ነበር። አሞሌው ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለ ነው። ዛሬ የአስፋልት መንገድ ስለተሠራ ከበርሃሌ ወዲህ ያለውን ጉዞ አብዛኛውን የሚሸፍነው የጭነት መኪና ነው። በገበያው ያገኘናቸው አንድ አረጋዊ የጨው ነጋዴ ግን የግመሉን ዘመን ያስታውሳሉ። ጭነት በግራና በቀኝ ካልተመዛዘነ፣ ግመሉ ብርቱ ቢሆንም ዳገቱን ሳይወጣ ጀርባው ይቆስላል ሲሉ አጫወቱን።

ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ብርቱ ካርድ ከደካማ ፕሮሰሰር ጋር ቢጣመር ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፤ ብርቱ ፕሮሰሰር ከደካማ ካርድ ጋር ቢጣመርም ነገሩ ያው ነው። ሚዛኑን የሚወስነው ደግሞ ሞኒተሩ ነው። 1080 የሚባለው ሞኒተር 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ 1440 የሚባለው 3,686,400፣ 4ኬ የሚባለው 8,294,400 አለው። ካርዱ እነዚህን ነጥቦች በሰከንድ 60 ወይም 100 ጊዜ መቀባት አለበት። ለመረጥነው ካርድ የሚስማማው መካከለኛው ስለሆነ፣ ባለ 27 ኢንች 1440 ሞኒተር ወሰድን። ወዳጄ 4ኬውን ሲያይ ልቡ ተነሥቶ ነበር፤ ቁጥሩን በወረቀት ስናስቀምጥ ራሱ ተወው።

ራዴዮን አርኤክስ 9070 ኤክስቲ የተባለው የኤኤምዲ ካርድም እንደ እርሱ 16 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ያለው፣ 304 ዋት የሚወስድ፣ ሲወጣም 599 ዶላር የተባለ ነው። ለጨዋታ ብቻ ቢሆን እርሱን እመክረው ነበር። ነገር ግን ብሌንደር በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ይበልጥ ስለሚፈጥን፣ ለሥራው ሲባል 5070 ቲአይ ተመረጠ።

ለፕሮሰሰር ራይዘን 7 7800 ኤክስ3ዲን ያዝን። ስምንት ኮር አለው፤ ከላዩ ከተደረበለት ጋር ካሹ በጠቅላላው 96 ሜጋ ባይት ስለሚደርስ በጨዋታ ላይ ፈጣን ነው፤ መብራትም አያባክንም። የሚሰካበት ኤኤም5 የተባለው መቀመጫ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የወጣ ሲሆን፣ ኤኤምዲ ቢያንስ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን እንደሚያወጣለት አስታውቋል። ስለዚህ ባለ ቢ650 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ነገ ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2015 ዓ.ም. አንዳንድ ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ ተቃጥለው፣ የማዘርቦርድ ሠሪዎች አዲስ ባዮስ አውጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኢንቴል በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ላይ በቮልቴጅ ምክንያት ጉዳት መድረሱን አምኖ፣ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ስለዚህ የትኛውንም ቢገዙ መጀመሪያ ባዮሱን ማደስ፣ ያገለገለ ፕሮሰሰር ሲሆን ደግሞ ታሪኩን መጠየቅ ይገባል።

ራሙን ባለ 32 ጊጋ ባይት ዲዲአር5፣ ፍጥነቱ 6000 የሆነ፣ በሁለት ቁራጭ የተከፈለ አደረግን፤ ሁለት ሲሆን እንደ ሁለት በር ነውና መረጃው በእጥፍ ያልፋል። ኤስኤስዲውን 2 ቴራ ባይት አደረግን፤ ዛሬ አንዳንዱ ጨዋታ ብቻውን ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ይይዛልና።

የመስመሩ ነገር

ብዙ ወጣቶች ብርቱ ኮምፒዩተር ከያዝሁ በኢንተርኔት የሚደረገው ውድድር ይፈጥንልኛል ይላሉ። ይህን ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው ላስረዳ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመቀሌ እስከ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ደርሶ ለመመለስ ከአንድ ሰከንድ ሺሕ እጅ ሃምሳው ይፈጃል። ክሩ በቀጥታ ስለማይሄድና በየጣቢያው ስለሚቆም፣ በእውነቱ ከዚህ ይበልጣል። ይህን የትኛውም ካርድ አያሳጥረውም። ስለዚህ ወዳጄ ጨዋታ ሲመርጥ ብቻውን የሚጫወታቸውንና በቤት ከጓደኛ ጋር የሚጫወታቸውን እንዲያስቀድም ተስማማን። ከባድ ጨዋታዎችንም ሁለት መቆጣጠሪያ ገዝቶ ከፕሌይስቴሽን ቤት ጓደኞቹ ጋር ሊጫወታቸው አሰበ።

ዕቃው ሲገጠም

ዕቃዎቹን ሁሉ ከአዲስ አበባና ከመቀሌ አሰባስበን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአደይ ምንጣፍ ላይ ዘረጋናቸው። መሣሪያችን አንድ ካቻቢቴ ነበር። ሰውነት ላይ የተከማቸ ኤሌክትሪክ ቺፕን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ዕቃ ከመንካታችን በፊት የኬዙን ብረት እየነካን ሠራን። አራት ሰዓት ያህል ፈጀብን። አደይ ጥሕሎ ሠርተው ጠሩን፤ ወዳጄ ግን እጁን ከዕቃው ሊያነሣ አልቻለም።

በመጨረሻ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ መስኮቱ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለትም አለፈ። "መብራት ሄደ?" አሉ አደይ ከወጥ ቤት። የወዳጄ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። የዓመት ዕቁብ በዚያ ጥቁር መስኮት ውስጥ ነበረ። እጁን ለማጥፋት ሲሰነዝር ያዝሁት። ኤኤም5 ማዘርቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ አዲሱን ራም እየፈተነ ፍጥነቱን ያስተካክላልና፣ ጥቂት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ መካከል ማጥፋት ነገሩን እንደገና ያስጀምረዋል። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ብርሃን መጣ። ወዳጄ ወዲያው አልተናገረም፤ ወደ ወጥ ቤት ሄዶ አደይን እጃቸውን ይዞ አመጣቸው።

እንደዚህ ያለ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠም ለሚያስቡ አንባቢዎች ከዚህ ጉዞ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ቤታችሁ ያለውን መብራት እዩ፤ ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስን አስቀድሙ። ቀጥላችሁ አየሩንና አቧራውን እዩ፤ ኬዝና ማቀዝቀዣ ምረጡ። ከዚያ ሞኒተሩን ወስኑ፤ ካርዱ ከሞኒተሩ ጋር፣ ፕሮሰሰሩ ከካርዱ ጋር ይመዛዘን። የሚተርፍ ገንዘብ ካለ በመጨረሻ ለጌጥ ይሁን። ዋጋም ሳይታሰብ ይለዋወጣል፤ እኛ ከገዛን ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ራም በዓለም ገበያ ላይ እጅግ ተወድዷል። ስለዚህ ዝርዝሩን አስቀድሞ ጽፎ መያዝና ዕቃው በደኅና ዋጋ ሲገኝ አለማመንታት ይጠቅማል።

ወዳጄ በዚያች ማታ የከፈተው ብሌንደርን አይደለም፤ ኳስ ነው። አራት የሰፈር ልጆች መጥተው እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወቱ፤ ሒሳብ የሚቀበል ስለሌለ የተሸነፈው ቡና እንዲቆላ ተፈረደበት። ከሁለት ወር በኋላ ግን አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ሥዕል ላከልኝ። የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት ባነሣቸው ፎቶዎች እየተመራ በሦስት ማዕዘን እይታ እየሠራው ነው። ግንቡ በድንጋይ በድንጋይ ተደርድሯል፤ በሮቹም ገብተዋል። ጣራው ገና ይቀረዋል።